የአራት ምት ዝምታ

ሱቄ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ የለጠፍኩት ማስታወቂያ አለ፤ «ኦሪጅናልዎን መክደኛው ሥር ረስተው እንዳይሄዱ» ይላል። ቆቦ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከከፈትኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት መታወቂያውን፣ የልደት ካርዱን፣ የፍቺ ወረቀቱን ሳይቀር ማሽኔ ውስጥ ጥሎ የሄደውን ሰው ብዛት አላህ ይወቀው። እየሮጥኩ መንገድ ላይ እደርስበትና ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት በደንብ አድርጌ እስቅበት ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ እኔው ራሴ መክደኛው ሥር ስለረሳሁት አንድ ወረቀትና እሱ ስላመጣብን ጣጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በደንበኛ መሳቅ ትቻለሁ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ። ቅጽ የመሙላት ሥራ አንድ ክፉ አመል አስይዞኛል፤ ባዶ ቦታ ሳይ እጄን ይበላኛል። «የአያት ስም» ከሚለው ቀጥሎ ነጥብ ነጥብ ካለ፣ ነጥቡ ላይ አንድ ነገር ካልጻፍኩ ሥራው ያለቀ አይመስለኝም። ግጥም ስጽፍም እንደዚያው ነበርኩ። ዜማው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሁሉ ቃል ካልወተፍኩበት ደስ አይለኝም ነበር።

ዜማውን የሚሠሩት ጋሽ ሐጎስ ናቸው። ጋሽ ሐጎስ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ናቸው፤ በቆቦ ሜዳ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ፓምፑ ሲያስለው የሚጠራው እሳቸውን ነው። አባታቸው ከደቡብ ትግራይ ለንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ልጅየው ቆቦ ተወለዱ፣ ቆቦ አረጁ። በጉብዝናቸው ጊዜ በአንድ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ይነፉ ነበር። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ክላርኔቱ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። አንድ ቀን በማስመሪያ ያሰመሩትን የኖታ ወረቀት ሃምሳ ኮፒ አድርጊልኝ ብለው መጡ፤ ምንነቱን ስጠይቅ ጠረጴዛዬን በጣታቸው እየመቱ አንጎራጎሩልኝ፤ ደንበኞቼ ወረፋቸውን ረስተው ቆሙ። ትውውቃችን በዚያ ቀን ጀመረ።

እሳቸው የሚወዱት የድሮውን የባንድ ዘፈን ነው፤ ስዊንግ የሚባለውን፣ ጡሩምባው ከኋላ እየመለሰ፣ ምቱ እየተወዛወዘ የሚሄደውን። መጀመሪያ ሲያስረዱኝ አልገባኝም ነበር። በገበያ ቀን ወስደው ከአፋር በረሃ የሚመጡትን ግመሎች አሳዩኝ። «እይው፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ግን ደግሞ ቀጥ ብሎ አይረግጥም። አንዱን እግር ትንሽ ያስጠብቀዋል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገባኝ። ሁለት ዘፈን ሠርተን አዲስ አበባ ላለች አንዲት ዘፋኝ ልከን ነበር፤ ወዳው ሦስተኛውን ትጠብቅ ነበር።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፤ የጣጣው ሥር እሱ ነውና። ዜማው ይቀድማል። ጋሽ ሐጎስ ዜማውን ሲያወጡ ግጥሙ ገና ስለሌለ በውሸት ቃል ያንጎራጉሩታል። የሌላው ሰው የውሸት ቃል «ላላላ» ነው፤ የእሳቸው ግን የመኪና ረዳት የሚጠራው የከተማ ስም ነው። «ዋጃ፣ ዋጃ፣ ሮቢት» እያሉ ነው የፍቅር ዜማ የሚያወጡት። ረዳት ሊጠራው የማይችል ዜማ ሕዝብም አይዘፍነው ይላሉ። ያንን በቀይ እስክሪብቶ በወረቀት ላይ ያሰፍሩልኛል፤ ከየስሙ ጎን ስንት ምት እንደሚፈጅ ቁጥር ያደርጉበታል፤ እኔ ደግሞ የከተማዎቹን ስም አውጥቼ ግጥም አስገባበታለሁ።

የሦስተኛው ዘፈን ወረቀት እንዲህ ይላል፤

ዋጃ፣ 4
ሮቢት፣ 4
ቆቦ፣ 2፣ ተመለስ
ዝም፣ 4
ሁሉም በአንዴ ይግባ፣ ጎብዬ

እኔ ያስገባሁበት ግጥም ደግሞ ይህ ነው፤

ማሽላው ጎመራ፣ ወፍ ጠባቂም ሄደ፣
ልብህ እኔን ትቶ ከማን ጋር ነጎደ?
ትመጣለህ ብዬ ስቆም ከመንገድ ዳር፣
መጣህ ከአፋር ግመል፣ ከጨው ነጋዴ ጋር።

ጠባችን የተነሣው ከ«መንገድ ዳር» በኋላ ባለው ቦታ ነው። ጋሽ ሐጎስ እዚያ አራት ምት ሙሉ ምንም እንዳይባል፣ ምንም እንዳይመታ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ባንዱም ዘፋኟም በአንዴ «መጣህ» ብለው እንዲገቡ። እኔ እጄን በላኝ። «ዐይኔ ፈዞ፣ እግሬ ዝሎ» የሚል ወተፍኩበት። ወልዲያ ልንሄድ በዋዜማው ቀን ሱቄ ውስጥ ተከራከርን። «ልጄ፣ ሰው ሲጠብቅ አያወራም» አሉኝ። እኔም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኳቸው። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ንጹሑ ቅጂ ላይ ግን የእኔ ቃል እንዳለ ቀረ፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ግጥሙን ይዘን ወልዲያ መድረስ ነበረብን። ቆቦ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። የዘፋኟ ዘመድ ከወልዲያ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ልንልክላት አስበናል፤ ጋሽ ሐጎስ ደግሞ ዜማውን በቃላቸው ሊያንጎራጉሩለት አብረውኝ ይሄዳሉ። ያ ጊዜ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደነበር አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል። ስልክ ይዞ መንገድ መውጣት ራሱ ለፍተሻ ጣጣ ስለነበር ሁለታችንም ስልካችንን ቤት ትተናል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግጥሙን ለራሴ አንድ ኮፒ ላስቀር ብዬ ማሽኑ ላይ አደረግሁት። ኮፒው ግማሽ ወጥቶ መብራት ጠፋ። ሚኒባሱ ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ ስሜን ይጠራል። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አቃፊ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ግጥሙ መክደኛው ሥር ቀረ። አቃፊው ውስጥ የገቡት የኖታው ወረቀትና ያ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው የከተማዎች ዝርዝር ናቸው።

ጋሽ ሐጎስ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላ። የትናንቱ ኩርፊያ ስላልወጣልን ሰላምታችን አጭር ነበር። ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ለመግባት ትንሽ ሲቀረን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። አዲስ ኬላ ነበር፤ ትናንት እዚያ አልነበረም። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን።

መታወቂያ ያየው ወጣት ታጣቂ የጋሽ ሐጎስን ስም ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፊታቸውን አየና መታወቂያውን ሳይመልስላቸው ወደ እኔ ዞረ። አቃፊውን ከፈተ። የኖታውን ወረቀት አገላብጦ አየ፤ አምስት አምስት መስመር፣ በላዩ ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዱ ጭራ ያለው። ቀጥሎ ቀዩን ወረቀት አወጣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሲያነብ እኔም በልቤ አብሬው አነበብኩ። ዋጃ አራት። ሮቢት አራት። ቆቦ ሁለት፣ ተመለስ። ዝም፣ አራት። ሁሉም በአንዴ ይግባ፣ ጎብዬ። የቆምነው ደግሞ ጎብዬ በር ላይ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

ዘፈን ነው አልኩት። እንደገና ወረቀቱን አየና አለቃውን ጠራ። አለቃው አንገቱ ላይ ሻሽ የጠመጠመ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ለሾፌሩ በእጁ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በሌላ ቀን ከእነሱ አንዷ ሆኜ አውቃለሁ።

ከመንገዱ ወረድ ብሎ የተዘጋ የእህል መጋዘን ነበር፤ ወደዚያ ነዱን። በሩ ላይ ስንለያይ ጋሽ ሐጎስ ሳያስቡት «አይዞሽ ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ ወይ ሲያዝኑ የአባታቸው ቋንቋ ያመልጣቸዋል። ወጣቱና አለቃው ተያዩ። በሌላ ቀን ደስ የምትለኝ ያች ቃል በዚያች ሰዓት ምነው በቀረች አሰኘችኝ። እሳቸውን በስተግራ ባለው ክፍል አስገቧቸው፤ እኔን በስተቀኝ።

አለቃው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስለ አሠራራችን፣ ስለ ረዳቱ አጠራር፣ ስለ ምቱ ሁሉንም ነገርኩት። ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት ይመስል ነበር። ግጥሙ የት አለ ሲለኝ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ረሳሁት አልኩ። ኖታው ለምን አያሳምንህም ብዬ ብጠይቀው «ኖታ መሆኑን አውቃለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ ነው የማላውቀው» አለኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፤

«ዘፈን ከሆነ ዝፈኚው። ሽማግሌውም እዚያ ይዘፍናሉ። አንድ ከሆነ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ አስቡልኝ። ከመንገድ ዳር በኋላ ምን ልበል? የእኔን ቃል ልዝፈን ወይስ ዝም ልበል? ወረቀቱ «ዝም» ይላል። ጋሽ ሐጎስም ዝምታውን የሙጥኝ ያሉ ሰው ናቸው። ግትርነቴን ዋጥ አድርጌ እንደ እሳቸው ላድርገው ብዬ ወሰንኩ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ከመንገድ ዳር ስደርስ አራት ምት ቆጥሬ ዝም አልኩና «መጣህ» ብዬ ጨረስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው ሐሳብ በመሸነፌ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

አለቃው ወጥቶ ወደ ግራው ክፍል ሄደ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ድምፅ እንጂ ቃል አይለይም። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ሽማግሌው እዚህ ቦታ ‹ዐይኔ ፈዞ፣ እግሬ ዝሎ› አሉ። አንቺ ምንም አላልሽም። ዘፈን ከሆነ ስንት ነው?»

የሆነው ምን መሰላችሁ? እሳቸውም እዚያ ማዶ ቁጭ ብለው «ሰዓዳ እልኸኛ ናት፣ ሞት ቢመጣ ቃሏን አትተውም» ብለው አስበዋል። ለእኔ ሲሉ ያንን የጠሉትን ቃል ዘፍነዋል። ሁለታችንም በሕይወታችን አንድ ቀን ብንሸናነፍ በዚያ ቀን ሆነ። ለአለቃው በዚያች መስመር ላይ ተጣልተን ነበር ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ከአራት ምት ዝምታ የተነሣ ሰው ይጣላል ብሎ ማን ያምናል?

በዘጠኝ ሰዓት መኪና እንደሚመጣና ከእሱ በላይ ያሉ ሰዎች እንደሚጠይቁን ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ከሮቢት በእንዲህ ያለ መኪና የተወሰደ አንድ ጎማ ጠጋኝ ነበር፤ ሚስቱ እኔ ዘንድ መጥታ ማመልከቻ አጽፋለች፤ ሦስት ማመልከቻ። ለአንዱም መልስ አላገኘችም። ያ ሰው ስሙ እንኳ ማንንም የሚያጠራጥር አልነበረም። ጋሽ ሐጎስን አሰብኳቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ የደም ግፊት ክኒን አለ፤ ስማቸው ደግሞ ሐጎስ ነው።

አለቃው ሊወጣ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገው።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ለአጎቴ የመሬት ማመልከቻ የጻፍሽለት አንቺ ነሽ። የአገሩ ልጅ ነሽ። ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው። ‹ያዢልኝ ብለው ሰጡኝ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም› በይና ቤትሽ ግቢ።»

አልዋሻችሁም፤ አሰብኩት። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ለመናገር ከአንድ አፍታ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ አሰብኩት። እናቴን አሰብኩ፣ ሱቄን አሰብኩ። አፌ እንኳ ተከፍቶ ነበር። ስድስት ቃል ብናገር ጎብዬ ደርሼ ሻይ እጠጣለሁ። ያንን አፍታ ለጋሽ ሐጎስ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ይህን ሲያነቡ ያውቁታል። ይቅር ይበሉኝ።

«እሳቸውም የአገሩ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ነው የተወለዱት» አልኩት።  ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ አንድ ነገር ጠየቅሁት። «አብረን እንዝፈነው። ጀርባ ለጀርባ አድርገን። እንዳንተያይ፣ እንዳንነጋገር። ሁለት ሰው አብሮ ያልሠራውን ዘፈን ጀርባ ለጀርባ ሆኖ አብሮ መግባት አይችልም።»

በሩን ዘግቶ ወጣ። ለምን ያህል ጊዜ ብቻዬን እንደቆየሁ አላውቅም፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ እሰማ ነበር። የቆላው ሙቀት ክፍሉን ሞልቶታል። ከዚያ ወጣቱ መጥቶ ወደ መካከለኛው አዳራሽ ወሰደኝ። ጋሽ ሐጎስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እኔን ከአሥር እርምጃ ርቀት ፊቴን ወደ በሩ አዙሮ አቆመኝ። አምስት ስድስት ታጣቂዎች ጆንያው ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

አለቃው ወለሉን በእግር መምታት፣ ማጨብጨብ፣ መሳል እንኳ እንደማይፈቀድ ተናገረ። ምልክት እንዳትለዋወጡ ነው አለ። ከዚያ ለጋሽ ሐጎስ እኔ ዝም እንዳልኩ፣ ለእኔም እሳቸው ምን እንዳሉ ደግሞ ነገረንና «አሁን አንድ አድርጉት» አለን።

ይህ የባሰ ነበር። አሁን እሳቸው እኔ ዝም ማለቴን ያውቃሉ፤ እኔም እሳቸው ቃሌን መዝፈናቸውን አውቃለሁ። እሳቸው «ዝም ትላለች» ብለው ዝም ቢሉና እኔ «ቃሌን ይዘፍናሉ» ብዬ ብዘፍን እንተላለፋለን። ሁለታችንም እንደገና ለሌላው ብንለቅ እንደገና እንተላለፋለን። የቱንም ባስበው መጨረሻው ያው መኪና ነበር። 

«አንድ፣ ሁለት» አሉ ጋሽ ሐጎስ ለግድግዳው። ጀመርን።

ማሽላው ጎመራ። የእሳቸው ድምፅ ጥርስ ስለሌለው ያፏጫል፤ የእኔ ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ከሁለተኛው ቤት ላይ ምቱ ያዘን። ያ የግመል እርምጃ ማንም ሳይመታው መሀላችን ላይ መሄድ ጀመረ። ያኔ ስለ ጋሽ ሐጎስ ማሰብ ተውኩ፤ ምን ያደርጉ ይሆን ማለትን ተውኩ። ዘፈኑን ብቻ ሰማሁት። ትመጣለህ ብዬ ስቆም ከመንገድ ዳር ስል አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ ታየችኝ፤ ፀሐይ አናቷ ላይ ናት፣ አቧራ ይነሣል፣ አታወራም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅ ነው የዋልኩት፤ ብቻዬን በሆንኩባቸው ሰዓታት አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሰው ሲጠብቅ አያወራም። ያሉኝ ነገር ያኔ ሆዴ ውስጥ ገባ።

ዝም አልኩ።

ከኋላዬም ምንም አልተሰማም።

አንድ። ውጭ አንድ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ሁለት። ወጣቱ ታጣቂ ሊናገር አፉን ሲከፍት በዐይኔ ጠርዝ አየሁት። ሦስት። ያ አላህ አልኩ በልቤ። አራት።

«መጣህ» አልን።

አንድ ድምፅ ነበር። ፀጉር የምታህል ክፍተት አልነበራትም። ከጆንያው ላይ አንዱ ትንፋሹን ለቀቀ። እኛ እስከ ጨው ነጋዴው ድረስ ሄደን ቆምን።

የአለቃው እርምጃ ወደ ጀርባዬ ቀረበ። ዘወር ብዬ ላየው ፈራሁ። በመጨረሻ «ይህን አጥንታችሁት ሊሆን ይችላል» አለ። «አሁን ዝምታውን ስምንት አድርጉት።»

ስምንት ምት ዝም ብለን አናውቅም። ልምምድ የለ፣ ምልክት የለ። ጋሽ ሐጎስ እንደገና «አንድ፣ ሁለት» አሉ። ከመንገድ ዳር ስንደርስ ሁላችንም እዚያ መጋዘን ውስጥ ያለን ሰዎች አብረን ዝም አልን። ስምንት ምት እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። አምስት ላይ ጠፋሁ። ስድስት መሆኑን ስድስት ካለፈ በኋላ ነው ያወቅሁት።  መቁጠር ትቼ ግመሉ ሲሄድ ብቻ ተከተልኩት።

«መጣህ።»

ወጣቱ ታጣቂ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ያላሰበው ነገር ሲደርስለት የሚስቀው ሳቅ ነበር። አለቃው አፈጠጠበትና ራሱም ፊቱን አዞረ። ከዚያ አለቃው መታወቂያችንን ሰጠን። ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ «ይህ እዚህ ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ዘፈን ስትጽፉ የሰው ከተማ አትጥሩ» አለ። ጋሽ ሐጎስ እጅ ነሥተው «እሺ ልጄ» አሉት። 

ወልዲያ ያለው ሰው አምልጦናል። ወደ ሮቢት በእግራችን ተመለስን፤ የማሽላው አገዳ በሁለቱም በኩል ከቁመታችን በላይ ነው። ኬላው ከዐይናችን እስኪጠፋ በፍጥነት ተራመድን። ከዚያ ለምን ቃሌን እንደዘፈኑ ጠየቅኋቸው። እልኸኛ ነሽ ብዬ ነዋ አሉኝ። እኔም እርስዎ ግትር ነዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት ስላቸው መንገዱ ዳር ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ወደ ልቅሶ የሚሄድ ሲመስለኝ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከኪሳቸው ክኒናቸውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ሲረጋጉ ኮፍያቸውን አራግፈው አደረጉና «ሰዓዳ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ስምንቱ ይሻላል።»

በማግሥቱ ሱቄን ከፍቼ የማሽኑን መክደኛ አነሣሁ። ግጥሙ እንደተደፋ ተኝቷል። «ዐይኔ ፈዞ፣ እግሬ ዝሎ» የሚለውን ሰረዝኩና ምንም ሳልጽፍበት ተውኩት። እጄን አልበላኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ዝምታ የሚመስለኝ የሚናገረው ያጣ ሰው ሥራ ነበር። አሁንም ወሬ እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ነገር ግን ከሰው ጋር አብሬ ስሠራ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከዚህ ሰው ጋር አብሬ ዝም ማለት እችላለሁ? ቃልማ ተማክሮ ማስማማት ይቻላል፤ ሐሰተኛ ምስክርም ያስማማል። እናንተም ከጎናችሁ ያለውን ሰው እስቲ በዚህ እዩት። ሌላም አለ፤ ስድስት ቃል ተናግሬ ቤቴ ልገባባት የነበረችው ያች አፍታ አልለቀቀችኝም። ሰው በሌላው ላይ ሊያመካኝ መጥቶ ማመልከቻ ጻፊልኝ ሲለኝ፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ እቆያለሁ። አንዳንዱ በዚያ መሀል ሐሳቡን ቀይሮ ይሄዳል።

መንገዱ ሲከፈት ግጥሙም ዜማውም ለዘፋኟ ደርሶ ዘፈኑ ወጥቷል። ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ከ«መንገድ ዳር» በኋላ ድምፁ ጥፍት ይላል፤ ሾፌሮች ተበላሸ ብለው ቴፑን ይመቱታል። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ እጠብቃለሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ሰባት ላይ ስደርስ ግን አሁንም ድረስ ከኋላዬ ያሉት ሰው ይገቡ ይሆን ወይስ አይገቡ እያልኩ እፈራለሁ።